‹ኦራ› እና ‹እኔ›፦ ድራገን ቦልን በጃፓንኛ ድምፁ ስለመመልከት

መግቢያ

በባዕድ ቋንቋ የተሠራ ድርሰት ወደ እኛ ሲመጣ በየትኛው በር እንደገባ መጠየቅ የሐያሲ የመጀመሪያ ተግባር ነው። ድርሰቱ መጽሐፍ ሲሆን ጥያቄው የተለመደ ነው፤ ተርጓሚው ማን ነው፣ ከየትኛው ቋንቋ መለሰው፣ ምን ጣለ፣ ምንስ ጨመረ እንላለን። ድርሰቱ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ሲሆን ግን ጥያቄውን አብዛኛውን ጊዜ እንዘነጋዋለን። ሥዕሉ ለሁሉም ዓይን አንድ ስለሆነ ድርሰቱም ለሁሉም ጆሮ አንድ ይመስለናል።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያቀረበ ሥርጭት ሲጀምር ብርቱ ክርክር ተነሥቶ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። እንደ ‹ጥቁር ፍቅር› እና ‹ኩዚ ጉኒ› ያሉት የቱርክ ድራማዎች በየቤቱ ሲታዩ የአገር ውስጥ የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች ተቃውሟቸውን አሰምተዋል። ክርክሩ በአመዛኙ በባህልና በገበያ ላይ ያተኮረ ነበር። በድምፅ መለወጥ ውስጥ የገጸ ባሕርይ አሣሣል ምን ይሆናል የሚለው የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ግን በቂ ትኩረት አላገኘም። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ከሌላ አቅጣጫ ለማንሣት ይሞክራል፤ ይኸውም ድምፁ ባልተለወጠ ድርሰት በኩል ነው። የመረጥኩት ድርሰት በወጣት ተመልካቾች ዘንድ ታዋቂ የሆነውን የጃፓን አኒሜ ‹ድራገን ቦል›ን ነው። የማቀርበው ሐሳብም በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ የዚህ ድርሰት ገጸ ባሕርያት ማንነት ከሥዕሉ ይልቅ በአነጋገራቸው ደረጃና ዘዬ ውስጥ ይገኛል፤ ይህም በእንግሊዝኛው ቅጂ በአብዛኛው ይጠፋል፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ጆሮውን ከሰጠው ሊቀበለው የሚችል ነው።

ስለ ድርሰቱ

‹ድራገን ቦል› አኪራ ቶሪያማ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1995 በሳምንታዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ ያወጣው የሥዕል ልቦለድ ነው። ደራሲው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ቶኤይ የተባለው የአኒሜሽን ድርጅት ሥራውን ወደ ፊልም መልሶት በፉጂ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1986 ጀምሮ ታይቷል። የመጀመሪያው ተከታታይ 153 ክፍሎች፣ ‹ድራገን ቦል ዜድ› የተባለውና እስከ ጥር 1996 የዘለቀው ሁለተኛው ደግሞ 291 ክፍሎች አሉት። በድምሩ 444 ክፍሎች ማለት ነው። የታሪኩ መነሻ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው ‹ወደ ምዕራብ የተደረገ ጉዞ› የተሰኘው የቻይና ልቦለድ ሲሆን የዋናው ገጸ ባሕርይ ስም ሶን ጎኩም የዚያ ልቦለድ የዝንጀሮ ንጉሥ ስም በጃፓንኛ ሲነበብ የሚሰጠው ድምፅ ነው።

ጎኩ በተራራ ላይ በብቸኝነት ያደገ፣ ከተማ የማያውቅ፣ ጉልበቱ የበዛ፣ ልቡ የዋህ ልጅ ነው። በታሪኩ ሂደት ያድጋል፣ ያገባል፣ ልጆች ይወልዳል፣ ይሞታል፣ ተመልሶም ይነሣል። ይህን ሁሉ ዕድሜ በድምፅ የተጫወተችው እ.ኤ.አ. በ1936 የተወለደችው ማሳኮ ኖዛዋ ናት። ሥርጭቱ ሲጀመር 49 ዓመቷ ነበር። ሕፃኑን ጎኩ የተጫወተችበትን ድምፅ ጎልማሳውንም ስትጫወት አልተወችውም። ከዚህም አልፋ ጎሃንና ጎተን የተባሉትን ሁለት ልጆቹን ትጫወታለች።

ይህ ለጃፓን እንጂ ለእኛ እንግዳ ነው የሚል ቢኖር ማስታወስ የሚገባን ነገር አለ። ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ‹ፍቅር እስከ መቃብር› በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ወንዱንም ሴቱንም፣ ባላባቱንም ጭሰኛውንም የተናገረው በአንድ ጉሮሮ ነው። አባባ ተስፋዬ ሣህሉም በቴአትር ሕይወታቸው መጀመሪያ የሴት ገጸ ባሕርያትን ተጫውተዋል፤ በኋላም በልጆች ፕሮግራማቸው አንበሳውንም ጦጣውንም በየድምፁ አናግረዋል። አንድ ሰው ብዙ ሆኖ መናገሩን ጆሯችን ከተረት ጀምሮ ያውቀዋል።

‹እኔ› ስንት ነው?

በአማርኛ ‹እኔ› አንድ ነው። ንጉሡም እረኛውም እኔ ይላሉ። በጃፓንኛ ግን ተናጋሪው ራሱን የሚጠራበት ቃል ማን እንደሆነ ይናገርበታል። ‹ዋታሺ› የጨዋ ወይም የሥራ አነጋገር ነው፤ ‹ቦኩ› የታረመ ወንድ ልጅ፣ ‹ኦሬ› የሸካራ ወንድ፣ ‹ዋሺ› የሽማግሌ ነው። ‹ኦራ› የገጠሬ ነው። ጎኩ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ራሱን ኦራ እያለ ይጠራል። ያነጋገረውን ሰው ደግሞ ‹ኦሜ› ይለዋል፤ የኛን ‹አንተ› የሚመስል፣ ከእሱም የወረደ አጠራር ነው። የእንግሊዝኛው የግርጌ ጽሑፍ እነዚህን ሁሉ በሁለት ቃላት ያጠቃልላቸዋል፤ አንዱ የተናጋሪ፣ አንዱ የተደማጭ።

ሳቶሺ ኪንሱይ የተባለው ጃፓናዊ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ዓይነቱን አነጋገር ‹ያኩዋሪጎ› ይለዋል፤ የሚና ቋንቋ እንደማለት ነው። ሐሳቡ እንዲህ ዓይነቱ አነጋገር የአንድ የተወሰነ አካባቢ እውነተኛ ዘዬ ሳይሆን ሰሚው ‹ይህ ገጠሬ ነው፣ ይህ ሽማግሌ ነው› ብሎ ወዲያው እንዲለይ በልቦለድና በመድረክ የዳበረ ልማድ ነው የሚል ነው። የጎኩም ኦራ እንዲሁ ነው፤ የየትኛው መንደር ልጅ እንደሆነ አይነግረንም። ከመሐል አለመሆኑን ብቻ ይነግረናል።

እኛም የሚና ቋንቋ አለን። በመድረክና በፊልም የባላገር አነጋገር ሲሰማ ተመልካች ገና ፍሬ ነገሩን ሳይሰማ ለመሣቅ ይዘጋጃል። ተናጋሪው ሞኝ፣ ከተማ ገብቶ የጠፋ፣ መኪና የሚያስደነግጠው ነው። እርግጥ ነው፣ ‹ፍቅር እስከ መቃብር› የጎጃምን ገበሬ በክብር አናግሯል፤ ግን ያ ፈር በድምፅና በምስል በተሠሩ ሥራዎቻችን ላይ በሚገባ አልተከተለም። ጎኩም በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ያሥቃል። ከተማ ያስደንቀዋል፤ ወንድና ሴት መለየት ያቅተዋል። ነገር ግን ሣቁ ካለፈ በኋላ ኦራው አይለቀውም። ዓለምን ሲያድን፣ ከአማልክት ጋር ሲቀመጥ ያው ገጠሬ አነጋገሩ አለ። ድርሰቱ አነጋገሩን ሳያርም ጀግና አድርጎታል። በእንግሊዝኛ የሚከታተል ተመልካች ይህን ትልቅ የጭብጥ ነጥብ የሚያይበት ቀዳዳ የለውም።

ይህ ነጥብ ለእኔ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። የተወለድኩት ላስታ ውስጥ በገነተ ማርያም ነው። ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ስመጣ አነጋገሬ በክፍል ጓደኞቼ ዘንድ መሣቂያ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ‹ታርሜ› ነበር። ባለፈው ክረምት የእረፍት ጊዜዬን ከቤተሰብ ጋር ሳሳልፍ የእህቴ ልጆች በላፕቶፔ ላይ የነበሩትን የድራገን ቦል ክፍሎች በጃፓንኛ ድምፅ ሲመለከቱ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ታላቁ እንግሊዝኛውን እያነበበ ይከታተላል፤ ታናሿ ገና ማንበብ አትችልም። አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብላ ካየች በኋላ ስለ ጎኩ ‹ይኼ ሰውዬ አንቱ አይልም እንዴ?› ብላ ጠየቀችኝ። ወንድሟ በጽሑፉ ውስጥ ይህን የሚያሳይ ነገር አላገኘም፤ እርሷ ግን ከድምፁ ቁመት፣ ሌሎቹ ሲናገሩ ከሚያረዝሙት የቃል መጨረሻና ከአጎነባበሳቸው አወቀችው። እኔም በመጠኑ በተማርኩት ጃፓንኛ አዳምጬ ትክክል መሆኗን አረጋገጥኩ።

የልጅቷ ጥያቄ ወደ ሌላ ጥያቄ ይመራል። ጎኩ ባለጌ ነውን? ጎኩ የዓለማቱን ጌታ ካዮን በማዕረጉ ‹ካዮ ሳማ› ብሎ ይጠራዋል፤ ግሱን ግን አያከብርለትም። በእኛ ቋንቋ ‹አባ፣ ቁጭ በል› እንደማለት ያለ ነው። በእንግሊዝኛ ይህ ነገር ከቶም አይታይም። በአማርኛ ግን ለመረዳት ቅርብ ነው፤ ምክንያቱም እኛ ራሳችን ሽማግሌውን አንቱ፣ እግዚአብሔርን ግን አንተ እንላለን። በጸሎት ውስጥ አንተ ማለት ድፍረት አይደለም፤ ቅርበት ነው። የጎኩም አንተታ ከዚሁ ወገን ነው። ማንንም ለመናቅ ብሎ ዝቅ አያደርግም፤ መካከላቸው ያለውን አጥር አያውቀውም። ይህን ልዩነት ለማስረዳት የአማርኛ ሐያሲ ከእንግሊዝኛው የተሻለ መሣሪያ በእጁ አለ።

አንድ ጉሮሮ፣ ሁለት አንደበት

ከዚህ ተከታታይ ውስጥ በጃፓንኛ ካልሰማነው ፈጽሞ የማናገኘው የአባትና የልጅ ጉዳይ ነው። የጎኩ ሚስት ቺቺም የገጠር ሰው ናት። እርሷም ኦራ ትላለች፤ ባሏን ‹ጎኩ ሳ› እያለች የምትጠራበት መጨረሻ ‹ሳን› የተባለው የአክብሮት ቃል የገጠር መልኩ ነው። ይህች ሴት በእንግሊዝኛው ቅጂ የምትታየው እንደ ነዝናዛ ሚስት ነው። የምትነዘንዘውም ስለ አንድ ነገር ነው፤ ልጄ ጎሃን ይማር ትላለች። ጎሃን ታዲያ ኦራ አይልም፤ ቦኩ ይላል። ታላላቆቹን በጨዋ ግስ ያነጋግራል፤ መምህሩን ‹ፒኮሎ ሳን› ብሎ ይጠራዋል። የእናት ምኞት በልጁ አፍ ላይ ተፈጽሟል ማለት ነው። ገጠሬዋ እናት በገጠር አንደበቷ ልጇን ከገጠር አንደበት አውጥታዋለች።

አባትና ልጅ ደግሞ በአንዲት ሴት ድምፅ የሚናገሩ ናቸው። ኖዛዋ በአንድ ትዕይንት ውስጥ ከኦራ ወደ ቦኩ ስትሻገር የምንሰማው ሁለት ሰው ሳይሆን አንድ ደም ሁለት ትምህርት ሲያገኝ ነው። ድምፁ ዝምድናቸውን ይነግረናል፤ ቃሉ ርቀታቸውን ይነግረናል። በአሜሪካ ቅጂ ጎልማሳውን ጎኩ ወንድ ተዋናይ፣ ልጁን ሌላ ተዋናይ ስለተጫወቱት ይህ ትስስር ተበጥሷል። አባትየው በወፍራም ድምፅ የሚናገር የታወቀ ዓይነት ጀግና ሆኗል።

ተማሪዎቼ በአብዛኛው ከየገጠሩ የመጡ ናቸው። ከእነርሱ መካከል የጎሃንን ታሪክ በራሱ ቤት ያላየ ጥቂት ነው። ቤት ሲመለስ አፉ የሚለወጥበት፣ ስልክ ሲያነሣ ማን እንደደወለ በአነጋገሩ የሚታወቅበት ተማሪ ስለዚህ ጉዳይ የተሠራ ድርሰት በፊቱ ሲያልፍ፣ በሚያነበው የግርጌ ጽሑፍ ምክንያት ሳያየው ይቀራል። ለእኔ ከመዝናኛነት አልፎ የክፍል ውስጥ ጉዳይ የሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

የፍሪዛ አንቱታ

የዚሁ ተቃራኒ በፍሪዛ ላይ ይታያል። ፍሪዛ ፕላኔት የሚያጠፋ ገዢ ነው። ሲገባ ግን ‹ዋታሺ› ይላል፤ ባሪያዎቹንም ጠላቶቹንም በሰላምታና በጨዋ ግስ ያነጋግራል። ሊገድለው ያለውን ሰው አያመናጭቅም። የሚያስፈራው ይህ ነው። መልኩን እየለወጠ ቁጣው ሲበረታ ጨዋነቱ ከላዩ ይረግፋል፤ ያኔ የተመልካች ፍርሃት ይጨምራል ሲባል ይቀንሳል፤ ጭንብሉ ወልቋልና።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ዘዴ ያውቀዋል። አንቱታ ሁልጊዜ ክብር አይደለም። ጥንድ ወዳጆች ተጣልተው አንዱ ሌላውን ድንገት ‹እርስዎ› ሲለው ከስድብ ይከፋል። ባለሥልጣን ዝቅ ያለውን ሰው በጣም ሲያከብረው ሰውየው ይንቀጠቀጣል። እንግሊዝኛው ይህን ለማካካስ ለፍሪዛ የመኳንንት ቃላት ሊሰጠው ይሞክራል፤ በግሱ ውስጥ ያለውን መውጣትና መውረድ ግን መስጠት አይችልም። አማርኛ ይችላል። ‹ተቀመጡ› ከሚለው ወደ ‹ተቀመጥ› መውረድ የአንዲት ፊደል ጉዳይ ነው።

በሦስተኛ ቋንቋ በኩል

እስካሁን ካልኩት የሚነሣ ጥያቄ አለ። ድምፁ ጃፓንኛ፣ ጽሑፉ እንግሊዝኛ፣ ተመልካቹ አማርኛ ተናጋሪ ሲሆን ዋናውን አየ ማለት ይቻላልን? በሦስተኛ ቋንቋ በኩል መተርጎም ለሥነ ጽሑፋችን አዲስ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግዕዝ ተመልሷል፤ በኋላ፣ ጳጳሱ አባ ሰላማ መተርጉም በነበሩበት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ብዙ መጻሕፍት የተመለሱት ከዐረብኛ ነው። ከእነዚህም ዐረብኛው ራሱ ትርጉም የሆነ ብዙ ነበር። ከዚያም ሥነ ጽሑፋችን ለምልሟል እንጂ አልደረቀም።

ስለሆነም መካከለኛ ቋንቋ መኖሩ በራሱ ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። ጥፋቱ መካከለኛው መኖሩ ሲረሳ ነው። አሜሪካውያኑ እ.ኤ.አ. በ1996 ‹ድራገን ቦል ዜድ›ን ለልጆች ሲያቀርቡ የመጀመሪያዎቹን 67 ክፍሎች ቆራርጠው 53 አድርገዋቸዋል፤ የሞተውን ገጸ ባሕርይ ሞተ ላለማለት ወደ ሌላ ዓለም ተላከ ብለዋል። ሹንሱኬ ኪኩቺ የደረሰውንም ሙዚቃ አውጥተው ሌላ ሙዚቃ ከተውበታል። ኪኩቺ በጸጥታ ያለፈው ቦታ በአዲሱ ሙዚቃ ተሞልቷል። ይህን ቅጂ ያየ ሰው ስለ ድርሰቱ ሲፈርድ የሚፈርደው በሌላ ሥራ ላይ ነው።

በሌላ በኩል ዋናውን ድምፅ መስማት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። የገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከአለት ከተፈለፈሉት አንዱ ሲሆን በውስጡ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከይኩኖ አምላክ ዘመን ጀምሮ የሚታወቁ የግድግዳ ሥዕሎች አሉ፤ የንጉሡም ሥዕል ከነግዕዝ ጽሑፉ በዚያ ይገኛል። ምእመኑ ሥዕሉን ያያል፤ ቅዳሴውን በግዕዝ ይሰማል፤ ዜማው ልቡን ይነካዋል። ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ በዚያ ብቻ አላበቃችም። ንባቡን በአማርኛ የሚፈታ፣ አንዱን ቃል ‹አንድም› እያለ በሁለትና በሦስት መንገድ የሚያወጣ የአንድምታ ትምህርት አቁማለች። ዋናው ይነበባል፤ ፍቺው አጠገቡ ይቆማል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይወስድም።

የግርጌ ጽሑፍ ግን አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ አንድም ለማለት ቦታ የለውም። ለምሳሌ ጎሃን በጃፓንኛ የበሰለ ሩዝ፣ በጥቅሉም ምግብ ማለት ነው። የጎኩ ወገኖች የሆኑት ‹ሳይያ› ሰዎች ስም አትክልት የሚለው ‹ያሳይ› ፊደሉ ተዘዋውሮ የወጣ ሲሆን ልዑላቸው ቬጂታ፣ ጎኩም በእነርሱ ዘንድ ካካሮት መባላቸው የአትክልትና የካሮት ጨዋታ ነው። ኩሩው ልዑል በቁጣ ‹ካካሮት!› ብሎ በጮኸ ቁጥር ጃፓናዊው ልጅ ሰሙንም ወርቁንም ይሰማል። ቅኔ ቤት አጠገብ ላደገ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም፤ የሚያስፈልገው አንድ የሚነግረው ሰው ነው።

የድርሰቱ ጉድለቶች

ዋናው ድምፅ የተሻለ ነው ማለት ድርሰቱ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ፊልሙ መጽሔቱን እየተከተለ ይሠራ ስለነበር መጽሔቱ እስኪቀድመው ድረስ ታሪኩን ይለጥጣል። በፍሪዛ ፍልሚያ ላይ ፕላኔቷ በ5 ደቂቃ ትፈነዳለች ከተባለ በኋላ ፍልሚያው ክፍል አልፎ ክፍል ይቀጥላል። ቺቺ በልጅነቷ ተዋጊ ሆና ታይታ ከጋብቻ በኋላ ከማዕድ ቤት እምብዛም አትወጣም። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ያለው በሴቶች ገላ ላይ የተመሠረተ ቀልድም ለልጆች የማይመጥን ነው። እነዚህን ድምፁ አያድናቸውም። ሆኖም ከመለጠጡ የተገኘ መልካም ነገርም አለ። ጎኩና ፒኮሎ መኪና መንዳት ሊማሩ የሚሄዱበት ክፍል በመጽሔቱ ያልነበረ ጭማሪ ነው፤ ጀግናው በመሪ ፊት ተራ ሰው ሲሆን ስለሚያሳይ ከብዙ ፍልሚያ ይልቅ ይታወሳል።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ትንተና ወደ ሁለት ነጥቦች ይመራል። የመጀመሪያው የተማሪዎችን ጥናት ይመለከታል። ስለ ውጭ ተከታታይ ፊልም የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ የትኛውን ቅጂ እንዳየ፣ በየትኛው ድምፅ እንደሰማና በየትኛው ቋንቋ እንዳነበበ በመግቢያው ሊያሳውቅ ይገባል። ይህ ለመጽሐፍ የምንጠይቀው ግዴታ ነው፤ ለፊልም የምንተውበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው ለተርጓሚዎች ነው። አንድ ቀን ጎኩ በአማርኛ ይናገር ይሆናል። ያን ጊዜ ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ብቻ ይዞ ከሠራ ጎኩ የአዲስ አበባ የዜና አንባቢ አማርኛ ይናገራል፤ ጎሃንም እንዲሁ፤ ቺቺም እንዲሁ። ድምፁን አድምጦ ከሠራ ግን ከባድ ምርጫ ይጠብቀዋል። የላስታን፣ የጎጃምን ወይም የመንዝን አነጋገር ለጀግናው ሊሰጠው ይችላል፤ ሰሚው በመጀመሪያው ቀን ይሥቃል። ያንን ሣቅ መታገሥ ያስፈልጋል። ጃፓናውያኑም በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሥቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሚወዱት ጀግና ሌላ አፍ አልፈለጉለትም። የእህቴ ልጅ አንቱ የማይለውን ሰውዬ በማታውቀው ቋንቋ ለይታ ካወቀችው፣ በራሷ ቋንቋ እንደ አያቷ ሲናገር ብትሰማው ደግሞ ምን ልታውቅ እንደምትችል ማየት እወዳለሁ።